የመታደስ ምስጋና ከመቅደስ ወጥቶ ማሳ ሲደርስ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተሞችና ቀበሌዎች የምስጋና ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ወላይታው ጊፋታን፣ ጋሞው ዮ ማስቃላን፣ ጎፋው ጋዜ ማስቃላን ያከብራል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች ደመራ ይደመራል፤ በካቶሊክ ቁምስናዎችና በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም አሮጌውን ዓመት በሰላም ላሻገረ፣ አዲሱን ላሳየ አምላክ ምስጋና ይቀርባል። አርሶ አደሩ የደረሰውን በቆሎ እሸት፣ እናቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ ይዘው የሚደሰቱበት ወቅት ነው።

በእነዚህ መድረኮች ላይ ከዝናቡና ከእህሉ ጎን ለጎን በየዓመቱ የሚነሣ አንድ የምስጋና ርእስ አለ። እርሱም የመንፈሳዊ መታደስ ጉዳይ ነው። የጸሎት ቤቶች መብዛት፣ ወጣቶች ወደ አገልግሎት መምጣታቸው፣ ትናንት የተዘጉ ደጆች ዛሬ ተከፍተው መታየታቸው በአማኞች ዘንድ እንደ ትልቅ ጸጋ ይቆጠራል። ያለፉትን መቶ ዓመታት መለስ ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ስሜት ምክንያት የለሽ አይደለም።

ይሁን እንጂ ምስጋና ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በአፍ የሚነገረው ሲሆን ሁለተኛው በእጅ የሚሠራው ነው። ይህ ትንታኔ የየትኛዋም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ትክክል መሆን አለመሆኑን አይመረምርም፤ ያም የመገናኛ ብዙኃን ሥራ አይደለም። የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚህ ክልል ታሪክ ውስጥ መታደስ የመጣ ጊዜ ጎረቤት በምን አወቀው? ዛሬስ ገበሬውና የከተማው ነዋሪ በምን ሊያውቀው ይገባል?

ከገበሬ ቤት የተነሣ ታሪክ

በዚህ የሀገራችን ክፍል የክርስትና ሥር ጥልቅ ነው። በጋሞ ብርብር ማርያም፣ በወላይታም ደብረ መንክራት ተክለ ሃይማኖት የረጅም ዘመን ታሪክ ያላቸው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መካናት ናቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በወላይታና በአካባቢው በትምህርትና በጤና አገልግሎት ስሟ የታወቀ ነው። በ1910ዎቹ ደግሞ ከጋሞ የተነሣው ኤሳ ላሌ የተባለ ሰው፣ ሕዝቡ የጥንቆላን ዕቃ ጥሎ «ጦሳ» ወደሚለው አንድ አምላክ ብቻ እንዲጸልይ እየዞረ ይሰብክ ነበር። ስብከቱ ብዙ ሕዝብ ስለ ሰበሰበ ባለሥልጣናትን አሠጋ፤ ሰውየውም ታሰረ።

በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን መልእክተኞች ወደ ደቡቡ መጥተው በወላይታ ሶዶ አቅራቢያ ሥራ ጀመሩ። ዛሬ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሆነው ኦቶና የዚያ ዘመን መነሻ አለው። የኢጣሊያ ጦር ሀገሪቱን ከወረረ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ሶዶን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። በዚያን ጊዜ በወላይታ የተጠመቁት ወንጌላውያን አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በወላይትኛ የነበራቸውም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነበር። ነገሩን ከውጭ ላየው ሰው፣ ገና ያልጸና ችግኝ በበጋ መሐል ውኃ እንደተነፈገ ይቆጠር ነበር።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሚሲዮናውያኑ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለሱ 10 ሺህ ያህል አማኞችና 100 ያህል አጥቢያዎች ጠበቋቸው። ይህን ያደረጉት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰባኪዎች አልነበሩም፤ እንሰት የሚተክሉ፣ ከብት የሚያረቡ፣ በገበያ ቀን እህል ተሸክመው የሚወጡ ገበሬዎች ናቸው። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ተገርፈዋል፤ ታስረዋል።

ከዚያ ዘመን ትዝታዎች ውስጥ ለዛሬው ጥያቄያችን ይበልጥ የሚጠቅመው የእስር ቤቱ ታሪክ ነው። በወረራው ዘመን 50 ያህል የአማኞች መሪዎች በአንድ ላይ ታስረው ተገርፈዋል፤ ከግርፋቱ የተነሣ የሞቱም ነበሩ። በዚያ ጊዜ እስረኛ የሚበላው ቤተሰቡ ካመጣለት ብቻ ነበር። አማኞቹ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው የሚወስዱት ምግብ ግን እጅግ ብዙ ስለነበር፣ እምነታቸውን የማይጋሩ ሌሎች እስረኞችም ከእርሱ ይበሉ ነበር። የወላይታ ሰው ስለ አዲሱ እምነት መጠየቅ የጀመረው አንዱ ምክንያት ስብከት ሳይሆን ይህ ትርፍ ምግብ ነበር። ለማያውቁት፣ ለማይዛመዱት፣ ምናልባትም ለተጣሉት ሰው የሚበቃ ምግብ የሚያመጡ እነማን ናቸው የሚል ጥያቄ ነበር።

ከወረራው በኋላም በነበሩት አሥርት ዓመታት የወላይታ ገበሬ ወንጌላውያን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ጌዴኦ፣ ወደ አሪና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄደዋል። የሰደዷቸው አጥቢያዎች ሀብታሞች አልነበሩም። በቆሎና ቡና፣ ዶሮና እንቁላል እየሰበሰቡ የተላኩትን ደገፉ። በዚህም የተነሣ እምነቱ የብሔረሰብን ወሰን ተሻገረ። ቀድሞ በጦርነትና በባርነት ንግድ ታሪክ እርስ በርስ ይፈራሩ የነበሩ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ቋንቋ መማር ጀመሩ።

የተዘጉ ደጆችና የተከፈቱ ደጆች

በደርግ ዘመን መከራው ለሁሉም ደረሰ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በወላይታና በአካባቢው በርካታ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ሕንፃዎቻቸው መጋዘንና የስብሰባ አዳራሽ ሆኑ። ብዙ ሰው በሌሊት በየቤቱ እየተሰበሰበ ጸለየ። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በየመንደሩ አሉ፤ ለእነርሱ ደጁ የተከፈተ ቤተ ክርስቲያን ማየት ተራ ነገር አይደለም።

በኦርቶዶክሳውያን በኩልም ከዚሁ አካባቢ ጋር የተያያዘ የመታደስ ታሪክ አለ። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ተልከው ነበር። በዚያ በረሃማ ስፍራ ከተለያዩ ተቋማት የመጡ ወጣቶች በጸሎትና በትምህርት ተገናኙ። ከዚያ መገናኘት የተጀመረው ግንኙነት በቀጣዩ ዓመት ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን አንዱ መነሻ ሆነ። ለጦርነት የታሰበ ሜዳ ለሰንበት ትምህርት ቤቶች መጠናከር ምክንያት መሆኑ በብዙ አማኞች ዘንድ በምስጋና ይወሳል። በሀገር ደረጃም ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተከፍሎ የቆየው ሲኖዶስ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መታረቁ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ መቋቋሙ የሚዘነጉ አይደሉም።

የዚህ ሁሉ ውጤት በቁጥርም ይታያል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ከነበረው 15 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ 55 ነጥብ 5 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ 19 ነጥብ 9 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 2 ነጥብ 4 በመቶው ካቶሊክ ነበር። ሙስሊሞች 14 ነጥብ 1 በመቶ፣ የባህላዊ እምነት ተከታዮች ደግሞ 6 ነጥብ 6 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት ከአሥር ሰው ስምንቱ ያህል ራሱን ክርስቲያን ብሎ አስመዝግቧል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ክልል ተከፋፍሎ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ራሱን ችሎ ተደራጅቷል።

ይህ ቁጥር የደስታ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ሸክምም ነው። 48 ሰዎች ከነበሩበት ዘመን ጋር ሲነጻጸር የዛሬዎቹ አብያተ ክርስቲያናት የሚጠየቁት ሌላ ነው። ያን ጊዜ ጥቂቶች ስለነበሩ በማኅበረሰቡ ውስጥ ለሚሆነው ክፉ ነገር ተጠያቂ አልነበሩም። ዛሬ ግን ከአሥር ሰው ስምንቱ ክርስቲያን በሆነበት አካባቢ የሚጣላውም፣ የሚታረቀውም፣ ደን የሚመነጥረውም፣ ደን የሚያለማውም በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው።

ማሳ ላይ የታየ ምስጋና

መታደሱ ከመቅደስ ወጥቶ ማሳ የደረሰባቸው ምሳሌዎች ጥቂት አይደሉም። አንዱ በጋሞ ደጋ የሚታወቀው የጨንቻ አፕል ነው። ዛሬ ጨንቻ ሲባል ከሽመናው ቀጥሎ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው አፕል፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከሚሲዮናውያን ጋር የገባ ተክል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የወጣው ችግኝ ቀስ በቀስ ወደ ገበሬው ጓሮ ተሻገረ። ገብስና ድንች ብቻ ሲያበቅል የነበረ ቁራሽ መሬት ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ሆነ። ችግኙን የተቀበለው ገበሬ የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ ዛፉ አልጠየቀም።

ሁለተኛው ምሳሌ በወላይታ ሁምቦ ይገኛል። በዚያ የነበሩት ኮረብታዎች በከሰልና በማገዶ ፍለጋ ተራቁተው፣ በክረምት ጎርፍ እየላኩ የታችኛውን ማሳ ይጎዱ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ክርስቲያናዊ የርዳታ ድርጅት የሆነው ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክና ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሥራ ጀመረ። ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው 2 ሺህ 728 ሔክታር መሬት ከልቅ ግጦሽና ከቆራጭ ተከለለ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዝግቦ የካርበን ሽያጭ ገቢ ለማኅበራቱ ማስገኘት ቻለ።

የሁምቦ ትምህርት ግን ከገንዘቡ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። በዚያ አብዛኛው ደን የተመለሰው አዲስ ችግኝ በመትከል አይደለም። ዛፉ ተቆርጦ ቢያልቅም ጉቶውና ሥሩ ከአፈር በታች በሕይወት ነበር። ገበሬው ያደረገው ከብት እንዳይበላው መከላከል፣ ከሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች ጠንካሮቹን መርጦ ሌሎቹን መግረዝና መታገሥ ነው። የግብርና ባለሙያ ይህን የተፈጥሮ ደን ዳግም ማልማት ይለዋል። የዚህን አካባቢ የመንፈሳዊ መታደስ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በ1929 ዓ.ም. የቀሩት 48 ሰዎችም፣ በደርግ ዘመን በየቤቱ የጸለዩትም ከአፈር በታች የቀሩ ሥሮች ነበሩ።

ሦስተኛው የሴቶች የራስ አገዝ ቡድኖች ናቸው። ይህ አሠራር በሀገራችን የተጀመረው በ1994 ዓ.ም. አካባቢ በአዳማ፣ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አማካይነት ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ተሰብስበው ትንሽ ገንዘብ ይቆጥባሉ፤ ከቁጠባውም ለዶሮ፣ ለበግ፣ ለጉልት ንግድ ይበዳደራሉ። ከውጭ የሚመጣ ካፒታል አይጠብቁም። አሠራሩ ወደ ወላይታና ወደ ሌሎች የደቡብ አካባቢዎችም ተስፋፍቷል። ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ መቆጠብ ለሚያውቁ እናቶች ሐሳቡ ባዕድ አልነበረም።

እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኛቸው ጉዳይ አለ። በሦስቱም ውስጥ የእምነት ተቋማት ያበረከቱት ነገር የአባላቸው ብቻ ሆኖ አልቀረም። እንደ እስር ቤቱ ምግብ ለጎረቤትም ተርፏል።

ምስጋናውን የሚፈትኑ ጉዳዮች

በሌላ በኩል ማየት የሚከብድ ነገርም አለ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተቀሰቀሰው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። በሁለቱም ወገን የአንድ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች፣ አንድ መዝሙር የሚዘምሩ ሰዎች ነበሩ። የጌዴኦ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥራቸውን ከፍተው ተፈናቃዮችን ማስጠለላቸው በበጎ ይታወሳል። ያም ሆኖ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። እሑድ ጠዋት አብሮ የጸለየ ሰው ሰኞ በጎረቤቱ ቤት ላይ እሳት እንዳይለኩስ የሚከለክል ትምህርት ለምን አልጸናም? በኮንሶና በአካባቢው በተከታታይ ዓመታት የታዩት ግጭቶችም ይህንኑ ጥያቄ ያስነሣሉ።

በአንጻሩ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ጥቃት በተሰማ ጊዜ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ያንን ሣር ተሻግረው ማለፍ አልቻሉም። ይህ የአባቶች ባህል ከአብያተ ክርስቲያናቱ መስፋፋት በፊት የነበረ ነው፤ በጌዴኦና በጉጂ መካከልም ጎንዶሮ የሚባል የእርቅ ሥርዓት አለ። አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ የሚማሩት፣ ሕዝቡን የሚያስታርቀውን ነገር ሁሉ ባዕድ አድርጎ መግፋት እንደማይገባ ነው። ሣሩን የያዙትም ሆኑ በሣሩ ፊት የቆሙት አብዛኞቹ የየአጥቢያው ሰዎች መሆናቸው አይቀርም።

ሁለተኛው ፈተና መሬቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በወላይታ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ340 በላይ ሰው ይኖር ነበር። ግማሽ ሔክታር የማይሞላ መሬት ላይ ትልቅ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገበሬ ብዙ ነው። በ2000 ዓ.ም. የታየው ረሃብ «አረንጓዴው ረሃብ» የተባለው ማሳው ለምልሞ እየታየ ሰው ስለተራበ ነበር። መሬት ሲጠብ ወጣቱ ወደ ተዳፋቱ ይወጣል፤ አለዚያም በደላላ እጅ ወደ ውጭ ይሰደዳል።

ተዳፋቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ አይተናል። በከባድ ዝናብ ምክንያት በተከሰተው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ አስቀድሞ በተናደው አፈር የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። አፈሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲናድ እነርሱንም ወሰዳቸው። በዚያ ቀን የታየው ፍቅር ከየትኛውም ስብከት በላይ የሚናገር ነው። እኛ በሕይወት ያለነው ደግሞ ከዚያ ፍቅር ጋር ዕዳ ተቀብለናል። እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ አፈር ውስጥ እንዳይቀር ተዳፋቱን መጠበቅ አለብን።

ሦስተኛው ፈተና ከውስጥ የሚነሣ ነው። የአጥቢያዎች መብዛት ሁልጊዜ የመታደስ ምልክት አይደለም፤ አንዳንዴ የመከፋፈል ምልክት ነው። በአንድ መንደር አራት የድምፅ ማጉያ እርስ በርስ ሲፎካከሩ የታመመ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ፈውስንና ትንቢትን በገንዘብ የሚተምኑ ሰዎችም ተነሥተዋል። አንዲት እናት ለልጇ መድኃኒት መግዣ ያስቀመጠችውን ብር ለ«ተቀባ» ዘይት ስትሰጥ፣ አንድ ገበሬ ለማዳበሪያ ያጠራቀመውን ለጸሎት ቃል ኪዳን ሲያውል፣ እየታደሰ ያለው እምነት አይደለም። የጥንቱ ጠንቋይ ስሙን ቀይሮ ተመለሰ ማለት ነው። ኤሳ ላሌ ያን ሁሉ መንገድ እየዞረ የተቃወመው ይህንኑ ነበር። ብዙ የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎችም ይህን ድርጊት በይፋ ይነቅፋሉ፤ ነቀፋው ግን ወደ ገጠሩ አጥቢያ እስኪደርስ ብዙ ገንዘብ ከብዙ ኪስ ይወጣል።

ምስጋናው ምን ሊሠራ ይችላል?

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 11 መሠረት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን የቀበሌ አስተዳደር ትሁን የሚል ሐሳብ እዚህ የለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቀበሌ ሰው በየሳምንቱ በፈቃዱ የሚሰበሰብበት፣ የሚሰማበትና የሚተማመንበት ስፍራ የእምነት ቤት ነው። የልማት ሠራተኛ ጥሪ ሲያደርግ የሚመጣው ሰው ከሚጠበቀው በታች እንደሚሆን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። ለቅዳሴና ለአምልኮ የሚመጣው ግን ሳይጠራ ይመጣል።

ከዚህ በመነሣት ምስጋናው ሊሠራቸው የሚችላቸውን ተጨባጭ ነገሮች መጥቀስ ይቻላል። እንሰትን እንውሰድ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው የሚዛመትበት አንዱ መንገድ በሽተኛውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ነው። ቢላዋውን በእሳት ማቃጠልና የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር ገንዘብ አይጠይቅም፤ የጋራ ጥንቃቄን ግን ይጠይቃል። አንድ ጓሮ ተጠንቅቆ ጎረቤቱ ካልተጠነቀቀ ድካሙ ከንቱ ነው። ከቡራኬ በኋላ የሚነገር የአምስት ደቂቃ ማስታወቂያ በአንድ ቀን መላውን ቀበሌ ሊያዳርስ ይችላል። በደጋው የሚታየው የአፈር አሲዳማነትም እንዲሁ ነው። ኖራ የመጠቀምን ጥቅም፣ የክረምት ውኃ ማፋሰሻ የመቆፈሪያውን ጊዜ፣ ዝናብ ሲበረታ ከተዳፋት ሥር የመውጣትን አስፈላጊነት ሰው ከሚያምነው አፍ ሲሰማው ይቀበለዋል።

የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርም ራሱ መስበክ ይችላል። በሀገራችን ሰሜን ከጥንት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የደን መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። በክልላችንም የጌዴኦ ገበሬ ቡናውንና እንሰቱን ከዛፍ ጋር አስማምቶ የኖረበት መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የኮንሶ እርከንም በ2003 ዓ.ም. ተመዝግቦ ነበር። እነዚህ የአባቶቻችን እውቀት ምስክሮች ናቸው። ዛሬ ብዙ የከተማና የገጠር አጥቢያ ግን ግቢውን በሲሚንቶ ይሸፍናል፤ አለዚያ በባሕር ዛፍ ይሞላል። ጥቂት ሜዳ ለሀገር በቀል ዛፍና ለችግኝ ጣቢያ ቢለቀቅ፣ ከዚያ የሚወጣው ችግኝ እንደ ጨንቻው አፕል ወደ እያንዳንዱ ጓሮ ይሻገራል።

ሰላምን በተመለከተ ደግሞ የአጎራባች ዞኖችና ክልሎች አጥቢያዎች ግጭት ከመነሣቱ በፊት መገናኘት ይገባቸዋል። የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ የሙስሊም ወንድሞችና የባህላዊ እምነት ተከታዮችም የዚያ መድረክ ባለቤት መሆን አለባቸው። ግጭት ከተነሣ በኋላ የሚደረግ የርዳታ ማሰባሰብ የተመሰገነ ነው፤ ግጭቱ ሳይነሣ የሚደረግ ንግግር ግን ከእርሱ ይበልጣል። ድንበር ላይ የሚገኝ የገበያ ቀን፣ የውኃ ጉድጓድና የግጦሽ መሬት የንግግሩ ርእስ መሆን አለበት፤ ጸብ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነውና።

ገንዘብን በተመለከተ አሥራትና በኩራት የሚሰጠው ገበሬ ያወጣው ብር የት እንደዋለ ማወቅ ይገባዋል። ሒሳብን በአደባባይ ማንበብ ለሐሰተኛ ነቢያት ትልቅ መከላከያ ነው። ሕንፃ መሥራት መልካም ሆኖ ሳለ፣ ከሕንፃው ጎን ለወላጅ አልባ ልጆች ትምህርት፣ ለወጣት የሙያ ሥልጠና፣ ለታመመ ሰው ትራንስፖርት የሚሆን ድርሻ ቢመደብ አንድ ወጣት ለደላላ የሚከፍለውን ብር በቀዬው እንዲያውል ሊያደርግ ይችላል።

ለአንድ ዓመት የሚበቃ ጥያቄ

ይህ ሁሉ ሲነገር ምስጋናውን ለማደብዘዝ አይደለም። የተዘጉ ደጆች ተከፍተዋል፤ የተለያዩ ታርቀዋል፤ በጨለማ የጸለዩ ዛሬ በብርሃን ይጸልያሉ። ይህን ያየ ሰው ቢያመሰግን ተገቢ ነው። ነገር ግን ምስጋናው በመስከረም ተጀምሮ በመስከረም እንዳያልቅ የሚመዘንበት ጥያቄ ያስፈልገዋል።

ጥያቄውን የሚሰጠን የወረራው ዘመን እስር ቤት ነው። በዚያ ዘመን የእምነቱ ጎረቤት ያልሆነ ሰው ስለ አዲሱ እምነት መጀመሪያ ያወቀው ከተራበበት ሰዓት ምግብ ስለደረሰው ነበር። ዛሬም በየቀበሌው አንድ አጥቢያ «እኔ ብዘጋ ከአባሎቼ ሌላ ማን ያዝናል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። የማያዝን ከሆነ መታደሱ ገና ከአጥር አልወጣም። ጎረቤቱ ሙስሊም፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ ወይም ምንም የማያምነው ሰው የሚያዝን ከሆነ ግን ምስጋናው ማሳ ደርሷል ማለት ነው።

በዘንድሮው መስከረም ደመራ ሲበራና የምስጋና መዝሙር ሲዘመር፣ ከዓመት ዓመት በሁምቦ ኮረብታ ላይ የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ማስታወሻ ሊሆነን ይችላል። የተቆረጠ ጉቶ ሥሩ ካለ ይመለሳል። እንዲያድግ ግን ከብት የሚከለክል፣ የሚገርዝና የሚታገሥ ሰው ያስፈልገዋል።